አልገባም ያለችው የጎማ ቀለበት

ሰው ወረቀት ላይ የሚዋሸው ወረቀት አይናገርም ብሎ ነው። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የዋሸሁት። ወደ ኩዌት ልመጣ አዲስ አበባ አንድ ኤጀንሲ ቢሮ ቁጭ ብዬ ፎርም ስሞላ፣ ከ«መንጃ ፈቃድ» ዝቅ ብሎ «ሌላ ሙያ» የሚል ረጅም ባዶ መስመር ገጠመኝ። ባዶ መስመር ደግሞ አይሆንልኝም፤ የሆነ ነገር ካልሞላሁበት ከሰው ያነስኩ ይመስለኛል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ዋና» ብሎ ጻፈ። በረሃ ለሚሄድ ሹፌር ዋና ምን እንደሚያደርግለት እሱ ይወቅ። እኔ ግን ቆፍጠን ብዬ «መካኒክ» ብዬ ጻፍኩ።

ጭራሽ ውሸት ነው እንኳ አይባልም። አዳማ ጋራዥ የነበረው አጎት አለኝ፤ ትምህርት ሲዘጋ እየሄድኩ አግዘው ነበር። ማገዝ ስል ቁልፍ ማቀበል ማለቴ ነው። እሱንም ቢሆን አሥራ ሁለት ቁጥር ሲለኝ አሥራ ሦስት፣ አሥራ ሦስት ሲለኝ ፒንሳ እያቀበልኩ አስቸገርኩትና፣ በመጨረሻ ሻይ ቤት ሄጄ እንድጠብቀው በትሕትና ለመነኝ። የመካኒክነት ትምህርቴን ያጠናቀቅኩት እዚያው ሻይ ቤት ነው።

ሦስት ዓመት ሙሉ ያቺ ቃል ድምጿን አጥፍታ ተኛች። ባያን በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ቪላ ሹፌር ሆኜ ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ማዳምን ገበያ እወስዳለሁ፣ የውሃ ካርቶን እሸከማለሁ፤ ሞተር ክፈት ያለኝ ሰው አልነበረም። የአሠሪዎቼ፣ የባባና የማዳም፣ መኪኖች አዳዲስ ናቸው። ሲያማቸው የት እንዳመማቸው ራሳቸው ስክሪናቸው ላይ ይጽፋሉ፤ የእኔ ድርሻ ወደ ሐኪማቸው መንዳት ብቻ ነው። ጣጣው የመጣው በማማ መኪና ነው።

ማማ የባባ እናት ናቸው። ዕድሜያቸውን የሚያውቅ የለም፣ ለመጠየቅ የደፈረም የለም። በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። ቤቱን የሚያስተዳድረው ባባ ነው፤ ባባን የሚያስተዳድሩት ግን እሳቸው ናቸው። መኪናዋ የሟች ባለቤታቸው ነበረች፤ ክሬም ቀለም ያላት፣ ረጅም፣ በዕድሜ ታላቄ የምትሆን መኪና ናት። አርብ አርብ ጠዋት ማማ ከጎኔ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና ወደ ፋሐሂል እንወርዳለን። ባሕሩ ዳር አቆማለሁ። እሳቸው አይወርዱም፤ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ግማሽ ሰዓት ያህል ባሕሩን ያያሉ። ከዚያ «ያላ» ይሉኛል፣ እንመለሳለን። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እንደዚያ ያደርጉላቸው ነበር። ሳምንቱን የሚገፉት ለዚያች ግማሽ ሰዓት ሲሉ ይመስለኝ ነበር።

ይህች መኪና ታዲያ ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረች። ግቢያችን ነጭ ሴራሚክ ነው። ጠዋት ጠዋት መሀሉ ላይ ጥቁር ክብ ነገር እናገኛለን፤ ማዳም ከላይ ሆና ታየዋለች፣ ዘሀራ ከታች ሆና ትፈገፍገዋለች። ዘሀራ የቤቱ ሠራተኛ ናት፤ ከደሴ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች፣ እኔን በአንድ ዓመት የምትቀድመኝ፣ ሥራ እንጂ ወሬ የማታበዛ ሴት። አንድም ቀን ስለ ዘይቱ አላማረረችም። የሳሙናው ፍጆታ ብቻ ያማርር ነበር።

ባባ መኪናዋን ጋራዥ ልኮ አስመረመራት። ከሞተሩ ፊት ለፊት፣ ዋናው ዘንግ ብቅ የሚልበት ቦታ ላይ ያለው «ኦይል ሲል» የሚባል ቀለበት አርጅቷል፣ ለአንድ ወር ተዉልን አሉት። ባባ ለአንዲት የጎማ ቀለበት አንድ ወር የሚጠብቅ ሰው አይደለም። አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ጋ ደወለና ቅዳሜ ጠዋት መጥተው እንዲጭኗት ተነጋገረ። ይህን የነገረን ሐሙስ ምሳ ላይ ነው። እኔ የውሃ ካርቶን ተሸክሜ በሳሎኑ እያለፍኩ ነበር።

ማማ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ልጃቸውን ያያሉ ብዬ ስጠብቅ እኔን አዩኝ።

«አንተ መካኒክ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። «ወረቀትህ ላይ አለ።»

ለካ ማማ ወደዚያ ቤት የሚገባውን ሰው ሁሉ ወረቀት ያስነብባሉ፤ የሰሙትን ደግሞ አይረሱም። በዚያች ቅጽበት ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንዱ ካርቶኑን አስቀምጦ እውነቱን መናገር ነው። ሌላውን አፌ ቀድሞ መረጠው፤ «ሐዲር ማማ» አልኩ፣ ታዛዥ ነኝ ማለት ነው። ባባ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ቅዳሜ ጠዋት ካላፈሰሰች ትቆያለች፣ ካፈሰሰች ትሄዳለች አለ። ማማ ማንኪያቸውን መልሰው አነሱ። ፊታቸው ላይ እፎይታ አየሁ።

«ኦይል ሲል» ምን እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም ያወቅኩት ያን ዕለት ነው። ከብረትና ከጎማ የተሠራች ቀለበት ናት። ዘንጉ መሀሏ ውስጥ ይሽከረከራል፤ እሷ በለስላሳ ከንፈሯ ዘንጉን እቅፍ አድርጋ ዘይቱን ወደ ውጭ አታሳልፍም። ከንፈሯ እንዳይላላ ደግሞ ቀጭን ስፕሪንግ ዙሪያዋን ይዟታል። እስካሁን መልካም ነው። ተንኮሉ፣ ቀለበቷ ከምትገባበት ጉድጓድ በጥቂቱ መብለጧ ነው። በስህተት አይደለም፣ ሆን ብለው ነው እንዲህ የሠሯት። ተጨናንቃ ካልገባች አትይዝም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፋሐሂል አንድ ጠባብ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ ሽማግሌ ሻጭ አገኘሁ። ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠጡ ሁለት ቀለበቶች አወጣ፤ ለዚያች መኪና የሚሆን ከዚህ ሌላ የለም አለኝ። አንድ ይበቃኛል አልኩት። እጆቼን አገላብጦ አየና ሁለቱንም ጠቀለለልኝ። ያን ጊዜ ተሰድቤያለሁ ብዬ ነበር የተቆጣሁት።

አርብ ማለዳ፣ የማማ የባሕር ጉዞ ለዚያ ሳምንት ቀርቶ፣ ሥራ ጀመርኩ። ስልኬን መብራቱ ላይ አስደግፌ የማላውቀውን ቋንቋ የሚናገር መካኒክ ቪዲዮ ከፈትኩ። ሰውዬው ሁሉን ነገር በሁለት ጣት ይፈታል። እኔ ቺንጋው፣ ማለትም የሞተሩ ቀበቶ፣ የሚዞርበትን ክብ ብረት የያዘች አንዲት ቡሎን ለመፍታት በሁለት እጅ፣ በአንድ እግርና በሦስት ቅዱሳን ስም ሞከርኩ፤ በመጨረሻ ስትላቀቅ እኔም አብሬ ተላቅቄ የማዳም አበባ ላይ ወደቅኩ። ቢሆንም ቀጠልኩ። አሮጌዋን ቀለበት በካቻቢቴ ፈልፍዬ እንደ በሰበሰ ጥርስ ነቀልኳት። እዚህ ላይ የኩራት መንፈስ መጣብኝ። ቀለበቷን በጣቴ ይዤ ፎቶ ተነሣሁና የሐበሻ ሹፌሮች የምንገናኝበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። «ትንሽ ሥራ ላይ ነኝ» የሚል ቃል ጨመርኩበት።

ከዚያ አዲሷን አነሣሁ። በአውራ ጣቶቼ ስጫናት በቀኝ ትገባለች፣ በግራ ትነሣለች። ግራውን ስጫን ቀኙ ብቅ ይላል። ከላይ ስይዛት ከታች ታመልጣለች። በአጭር ብርድ ልብስ የተኛ ሰው ጉዳዬ ይገባዋል። ፀሐይዋ ወጥታ የመኪናው ብረት መፋጀት ጀመረ፤ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ትዕግሥቴ እዚያ ላይ አለቀና መዶሻ አነሣሁ።

አንዴ መታኋት፣ ገባች። ሁለቴ መታኋት፣ ዘመመች። ሦስተኛው ላይ ብረቷ ተቆለመመ፣ ከንፈሯ ወደ ውስጥ ታጠፈ፣ ያቺ ቀጭን ስፕሪንግ ደግሞ ከተደበቀችበት ፈልቅቃ በአየር ላይ ተወረወረች። የት እንደወደቀች እስከ ዛሬ አላውቅም። ሻጩን ሽማግሌ በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩት።

ግሩፑ ላይ ችግሬን ስናገር ምክር እንደ ጎርፍ ወረደ። ሱራ በሚባል ሰፈር ለአንድ ቤት የሚነዳ ሙላቱ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ ምንም ነገር ሲጠየቅ «እኔ ብሆን» ብሎ ይጀምራል፣ ሆኖ ግን አያውቅም። እሱ ብሆን ሳሙና እቀባት ነበር አለ። ሌላው በፈላ ውሃ ዘፍዝፋት አለ። ሌላው፣ የለም፣ በረዶ ቤት አስገባት፣ ብረት ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል አለ። አንዱ ደግሞ መኪናዋ የሴት ስም ካላት ስሟን እየጠራህ ለምናት አለ፤ እሱ የሚነዳው ለምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አላውቅም። እኔ የበረዶውን መረጥኩ። ምክንያቴን ልናገር ካላችሁ፣ በዚያ ሙቀት ከተባለው ሁሉ ደስ ያለኝ በረዶ የሚለው ቃል ብቻ ነበር። የቀረችውን ቀለበት የኩሽናው ፍሪዘር ውስጥ ከዓሣዎቹ መሀል አስተኛኋትና ጥላ ሥር ሄጄ ጋደም አልኩ።

አርብ ለዘሀራ የሳምንቱ ከባድ ቀን ነው። የባባ ወንድሞችና እህቶች ከነልጆቻቸው ለምሳ ይሰበሰባሉ፤ ሩዙ በትልቅ ድስት፣ ዓሣው በትሪ ነው። ለዚያ ዓሣ ፍሪዘሩን ስትከፍት ቀለበቴን አገኘቻት። በሰሃን አድርጋ ይዛልኝ መጣች።

«ወንድሜ፣ ይሄ በምን ነው የሚበላው?» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚባል የለም።

ተነሥቼ ተቀመጥኩና ጉዳዩን በትዕግሥት አስረዳኋት። እንደ መምህር እጄን እያወዛወዝኩ፣ ሴት ልጅ ሊገባት ይከብዳል ብዬ ቃላቱን ቀለል እያደረግኩ። ጨርሳ አዳመጠችኝ። ከዚያ አጎንብሳ የተቆለመመችውን የመጀመሪያዋን ቀለበት አነሣች፤ በጣቷ ዙሪያዋን ዳበሰቻት፣ የታጠፈውን ከንፈር በጥፍሯ ቀና አደረገችው።

«በደረቁ ነው የገፋሃት?» አለችኝ።

ዘይት ያልነካው ነገር አልነበረም። ሱሪዬ፣ ጫማዬ፣ ጆሮዬ ሳይቀር። ቀለበቷን ብቻ አላስነካኋትም። ቀጥላ የነቀልኳትን አሮጌዋን አነሣችና በሁለት በኩል አየቻት። በአንዱ በኩል ዘይት ጠጥታ ጠቁራለች፣ በሌላው በኩል አቧራ ነው ያለባት። ዘሀራ ሁለቱን ቀለበቶች ጎን ለጎን ያዘችና የመዶሻው ምልክት ካረፈበት ፊት ተነሥታ የተቆለመመችውን በጀርባዋ ልከታት እንደነበር አሳየችኝ። ዘይት የጠጣው ፊት ወደ ሞተሩ ነበር የሚያየው፤ እኔ ግን ወደ ራሴ አዙሬ ነበር የመታኋት። ያን ሁሉ ላብ አፍስሼ ብትገባልኝ እንኳ ዘይቱ መፍሰሱን አይተውም ነበር። መዶሻዬ አዘነልኝና ሥራዬን ገና ሳይጠናቀቅ አበላሸልኝ ማለት ነው።

ከሞተሩ ፊት ተንበረከከች። ጉድጓዱን በነጠላዋ ጫፍ ሳይሆን በንጹሕ ጨርቅ ጠራረገችው፤ ስፋቱን በጣቶቿ ለካች፤ ጣቶቿን እንደዘረጋች፣ ልኩ እንዳይጠፋባት እጇን ከፍ አድርጋ ወደ ኩሽና ሄደች። የሆነ ነገር ስታነሣና ስታስቀምጥ ይሰማኛል። ተመልሳ ስትመጣ የያዘችውን ሳይ ግን ከተቀመጥኩበት ዘልዬ ተነሣሁ።

የማማ ሙቀጫ ነበር። ከሠርጋቸው ጀምሮ ያለ፣ ሄልና ዛፍራን የሚባሉት ቅመሞች ብቻ የሚወቀጡበት፣ ከእሳቸውና ከዘሀራ በቀር ማንም የማይነካው ትንሽ የናስ ሙቀጫ። አንዲት ጭረት ብታርፍበት ቅዳሜ የሚመጣው ጫኚ መኪና ሁለታችንንም ጭኖን ይሄዳል አልኳት።

«አብሽር» አለችኝ። «አፉን ብረት አይነካውም፣ ጨርቅ አለብሰዋለሁ።»

የሙቀጫውን አፍ በስስ ጨርቅ ጠቀለለችና ገልብጣ፣ ትክክለኛ ፊቷን ወደ ሞተሩ ባዞረቻት ሁለተኛ ቀለበት ላይ ገጠመችው። ልክክ አለ። ዘንጉ የሙቀጫው ሆድ ውስጥ ገባ፣ ከንፈሩ የቀለበቷን ዳር ዙሪያውን እኩል ያዘ። ቪዲዮው ላይ ያለው መካኒክ ለዚህ ሥራ የተለየ መሣሪያ ነበረው፤ ዘሀራ ግን ኩሽና ገብታ ይዛው ወጣች። እኔ ስለ ሙቀት ሳስብ፣ ስለ በረዶ ሳስብ፣ የጨነቀኝ ነገር ጉልበት ነበር። እሷ ያሰበችው ዙሪያውን በአንድ ጊዜ ስለመያዝ ነው።

ልኩን ካየች በኋላ አንሥታ ቀለበቷን ዘይት አጠጣቻት፣ ዘንጉንም ቀባችው። ከዚያ በመዶሻ ሳይሆን በሊጥ መዳመጫ እንጨት ጫፍ የሙቀጫውን ቂጥ መታ ማድረግ ጀመረች። ከላይ መታ፣ ከታች መታ። ቀኝ፣ ከዚያ ግራ። አንድ ቦታ ሁለት ጊዜ አትደግምም። በየመሀሉ ሙቀጫውን ታነሣና በአመልካች ጣቷ ዙሪያውን ትዳስሳለች፤ አንዱ ወገን በፀጉር ያህል ከቀደመ ተቃራኒውን ትጠራዋለች። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ነው የምትመታው፤ የምታየው ነገር ያለ አይመስልም። ድምፁ ድፍን ድፍን ይል ነበር። አንድ ጊዜ ላይ ግን ተለወጠ፤ ጠንካራ፣ ጥርት ያለ ሆነ። ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

«ደረሰች።»

እኔ ለማጠናከሪያ አንድ ልጨምርላት ብዬ መዶሻዬን አነሣሁ። ዘሀራ ከእጄ ወሰደችና ሰሃኑ ላይ አስቀመጠችው።

የት ተማርሽው አልኳት። አባቷ አገር ቤት ለመንዙማ የሚመታ ድቤ የሚባል ከበሮ ይሠሩ ነበር። ቆዳውን ሲወጥሩ እሷ ፊት ለፊታቸው ትቀመጣለች፤ እሳቸው በዚህ ሲስቡ እሷ በዚያ ትስባለች። አንዱ ወገን ከቀደመ ድቤው ዕድሜ ልኩን ተንጋዶ ይኖራል፣ ድምፁም አያምርም። መድረሱ በጆሮ ነው የሚታወቀው። «ዓይን ያታልላል፣ አባቴ ዓይኔን አስጨፍነው ነበር የሚያሠሩኝ» አለችኝ። ከዚያ ሩዙ ትዝ አላትና ሙቀጫውን በእቅፏ ይዛ ሮጠች። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ድስት ሩዝ እስኪበስል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። በጣቴ የቀለበቷን ዙሪያ ዳሰስኩት። ከብረቱ ጋር እኩል ሆና፣ የት ጀምራ የት እንደምታልቅ እንኳ አይለይም። ሦስት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር ዘሀራን የማውቃት በምታበስለው ምግብ ብቻ ነበር። ይህን የመሰለ እጅና ይህን የመሰለ ጆሮ ይዛ፣ እኔ የምነዳት መኪና ያፈሰሰችውን ዘይት በሳሙና ስትፈገፍግ ከርማለች። አፈርኩም፣ ኮራሁባትም። የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

የቀረውን መልሼ ገጠምኩ። አንዲት ቡሎን ተረፈችኝ። ኪሴ ልከታት ስል ዘሀራ ቆሻሻ ልትደፋ ስታልፍ ሳትቆም በአገጯ ቦታዋን አሳየችኝ። ጠዋት ስፈታት በኩሽናው መስኮት አይታኝ ኖሯል። ሞተሩን አስነሣሁ፣ አሞቅኩት፣ ሥሩ ነጭ ካርቶን አነጠፍኩና አደርን። እኔ ግን አልተኛሁም፤ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ጫኚው መኪና በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ባባ ዲሽዳሻ በሚባለው ነጭ ረጅም ቀሚሱ ወረደ፤ ማዳም ከደረጃው ላይ፣ ማማ ደግሞ ምርኩዛቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘሀራ የሻይ ትሪ ይዛ ከኋላቸው ናት። ባባ ካርቶኑን ጎትቶ አወጣው። ነጭ ነበር። አላመነም፤ አጎንብሶ ሞተሩን ከሥር በሶፍት ጠረገውና ሶፍቱን ወደ ፀሐይ አነሣው። እሱም ነጭ ነው። ሰዎቹን በእጁ ምልክት አሰናበታቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ወላሂ መካኒክ ነህ» አለኝ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። ዘሀራ ዓይኗን ትሪው ላይ ጥላለች፤ ምስጋናውን ብወስደው አትቀማኝም፣ ያንን ከፊቷ አነበብኩት። ያ ነው ያሸነፈኝ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ውሸት መሆኑን፣ አንዷን ቀለበት መስበሬን፣ ሁለተኛዋን ያስገባችው ዘሀራ መሆኗን በተሰባበረ ዐረብኛ ተናገርኩ። ስለ ሙቀጫው ስደርስ ድምፄ ቀነሰ። የሥራ ፈቃዴ በዓይነ ሕሊናዬ ሲቀደድ ይታየኝ ነበር። ባባ ግራ ተጋብቶ ወደ እናቱ ዞረ።

«የሙቀጫዬን ድምፅ አላውቀውም እንዴ?» አሉ ማማ። «ትናንት ሰምቼዋለሁ። ይሄ ሹፌር እውነቱን ይናገር እንደሆነ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ከዚያ ምርኩዛቸውን እየተከሉ ወደ መኪናዋ መጡ። የፊተኛውን በር ከፈቱ። እኔ ልደግፋቸው ስል ወደ ጎን ገፋ አደረጉኝና ዘሀራን በእጃቸው ጠሩዋት፤ ትቀመጥበት ዘንድ ወንበሩን አሳዩዋት። ማዳም የምሳውን ነገር አነሣች። ማማ ምሳው ይቆያል አሉና የኋላውን በር ራሳቸው ከፍተው ገቡ። ባባ ትሪውን ከዘሀራ እጅ ተቀበለ፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አላወቀም ነበር።

ፋሐሂል ደርሰን ባሕሩ ዳር አቆምኩ። ሞተሩን ላጠፋ ስል ዘሀራ «ቆይ፣ አታጥፋው» አለችኝ። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ወደ ሞተሩ አዳመጠች፣ ረዘም ላለ ጊዜ። በመጨረሻ ራሷን ነቀነቀችና ቀና አለች። ያን ጊዜ ነው ፊት ለፊቷ ያለውን ያየችው።

«ይሄ ሁሉ ውሃ እዚህ ነበር?» አለችኝ።

ከቤታችን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እሷ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። እዚሁ ነበር አልኳት። እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አርብ በአርብ ስመጣ የኋላው ወንበር ባዶ ነበር።